ቃጫ፣ ጭድና ጋቢ፦ የዕፅዋት ፋይበር ለመማሪያ ክፍሎቻችን ድምፅ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር፣ ጉለሌ፣ አዲስ አበባ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



ንግግሬን በአንድ ጭብጨባ ልጀምር። [አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ።] ሰማችሁት? እጆቼ የተገናኙት ለቅጽበት ነው፤ ድምፁ ግን በአዳራሹ ውስጥ ዘገየ። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከጣሪያ ወደ ወለል እየነጠረ እስኪደክም ድረስ አብሮን ቆየ። የዛሬው ርዕሳችን ያ ትርፍ ዕድሜ ነው። ማለትም ድምፅ ከተፈጠረ በኋላ የሚኖረውን ዕድሜ በምን እናሳጥረዋለን፣ ለዚያስ በጓሯችን የሚበቅለው ነገር ይበቃናል ወይ የሚለው ነው።

ጉዳዩ ለእኔ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። ማስተማር የጀመርኩት እዚሁ ጉለሌ ውስጥ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ክፍሉ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው። አንድ ቀን የፊዚክስ ጥያቄ በቃሌ አጽፌ ደብተር ሰበሰብኩ። ጥያቄው «አንድ ሰው ከጉድጓድ ውሃ ቀዳ» ብሎ ይጀምራል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ «አንድ ሰው ከጉድጓድ ውሃ ከዳ» ብሎ ጽፏል። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት፤ ክፍሉም ሳቀ። ዓመታት አልፈው የድምፅን ፊዚክስ ማጥናት ስጀምር ነው ልጁ የጻፈው በትክክል የሰማውን እንደ ነበር የገባኝ። ከእኔ አፍ የወጣው «ቀ» እሱ ዘንድ «ከ» ሆኖ ደርሷል። የተሳሳተው ክፍሉ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአማርኛ ተናጋሪ ስለ ክፍል ድምፅ ከማንም በላይ ሊጨነቅ የሚገባው ይመስለኛልና። ቋንቋችን «ፈንጂ» የምንላቸው ድምፆች አሉት፤ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ። እነዚህን ከ«ከ»፣ ከ«ተ» እና ከመሰሎቻቸው የሚለያቸው እጅግ አጭር ፍንዳታና ከፍንዳታው ቀጥሎ ያለው ቅጽበታዊ ዝምታ ነው። ጠፋ እና ተፋ፣ ጠራ እና ተራ፣ ቀዳ እና ከዳ የሚለያዩት በዚያች ቅጽበት ነው። በዚህ ላይ ማጥበቅና ማላላት ይጨመራል። «ይመታል» ሲላላ መቺው ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ተመቺው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም፤ ጆሮ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጆሮም የሚያውቀው «ታ» ከመፈታቱ በፊት ያለችውን ዝምታ እርዝመት ለክቶ ነው። እንግዲህ የፊተኛው ፊደል ማስተጋባት በዚያች ዝምታ ውስጥ ሲፈስ ምን እንደሚቀር አስቡት። አናባቢዎች ጉልበተኞች ናቸውና ዘግይተው ይኖራሉ፤ ተነባቢዎች ደካሞች ናቸውና በአናባቢዎቹ ጅራት ይሸፈናሉ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ መምህሩ «ይጮኻል፣ ግን አይሰማም» የሚለው ለዚህ ነው። መምህሩ ይበልጥ በጮኸ ቁጥርም ጅራቱ አብሮ ይጮኻል።

ይህን ነገር በመጀመሪያ በቁጥር ያሰረው ዋላስ ሳቢን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፎግ ሙዚየም የሚገኝ የንግግር አዳራሹን እንዲያስተካክል አዘዘው፤ በአዳራሹ ውስጥ የተነገረ ቃል አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ይሰማ ነበርና። ሳቢን በሌሊት፣ ከተማው ሲተኛ፣ ከሌላ ቴአትር ቤት የወንበር ትራሶች እያስጋዘ፣ በአንድ የኦርጋን ቱቦ፣ በሰዓትና በጆሮው ብቻ ለካ። ትራስ በጨመረ ቁጥር የድምፁ ዕድሜ አጠረ። ከዚያ የወጣችው ቀመር እስከ ዛሬ የምንሠራባት ናት፦ የማስተጋባት ጊዜ በሰከንድ፣ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ላለው ጠቅላላ የመምጠጥ ስፋት ሲካፈል ይገኛል። «የመምጠጥ ስፋት» ማለት እያንዳንዱ ገጽ ስፋቱ በመምጠጥ ምጣኔው ተባዝቶ የሚደመርበት ነው። የተከፈተ መስኮት ምጣኔው 1 ነው፤ የሄደ ድምፅ አይመለስምና። የተለሰነ ግድግዳ ከ0.05 ብዙም አይርቅም።

ተማሪዎች ወረቀት አውጡ፤ አብረን እናስላ። ክፍላችን 8 ሜትር በ7 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ይሁን። ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ፣ ጠቅላላ ገጹ 202 ካሬ ሜትር ነው። ሁሉም ደረቅ ገጽ ስለሆነ አማካይ ምጣኔውን 0.05 ብንል የመምጠጥ ስፋቱ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። 168 በ0.161 ሲባዛ 27 ነው፤ ለ10 ሲካፈል ባዶው ክፍል 2.7 ሰከንድ ያስተጋባል። አሁን ሃምሳ ተማሪ እናስገባ። ሰው ጥሩ ድምፅ መጣጭ ነው። አንድ የተቀመጠ ተማሪ 0.4 ካሬ ሜትር ያህል ቢመጥ ሃምሳው 20 ይጨምራል፤ 30 ሆነ፤ ጊዜው ወደ 0.9 ሰከንድ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለመማሪያ ክፍል የሚመክረው 0.6 ሰከንድ ያህል ነው። ለዚያ የሚያስፈልገን የመምጠጥ ስፋት 45 ነው፤ የጎደለን 15 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ምጣኔው 0.6 የሆነ መጣጭ ብናገኝ 25 ካሬ ሜትር ምንጣፍ ይበቃናል ማለት ነው፤ የጣሪያው ስፋት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ስሌት የማቀርበው ችግሩ ከአቅማችን በላይ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ታዲያ መጣጭ የምንለው ምንድን ነው? በፋይበር ክምር ውስጥ ድምፅን የሚገድለው ፋይበሩ አይደለም፤ በፋይበሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። ድምፅ አየርን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። አየሩ በጠባቡ መተላለፊያ ሲመላለስ ከፋይበሮቹ ገጽ ጋር ይፋተጋል፤ የድምፁ ጉልበትም ጥቂት በጥቂት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሎርድ ሬይሊ ይህን በ1883 እ.ኤ.አ. አስረድቶታል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይፈለጋል። ድምፁ መግባት አለበት፤ ከገባ በኋላ ደግሞ መድከም አለበት። በጣም የላላ ክምር ድምፅን አሳልፎ ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር አጋጭቶ ይመልሰዋል። በጣም የታመቀ ደግሞ ከደጅ ይመልሰዋል። መለኪያው የአየር ፍሰት ተቃውሞ ይባላል። አንድ የመጣጭ ንብርብር ደህና የሚሠራው ይህ ተቃውሞው አየር ራሱ ለድምፅ ሞገድ ከሚያቀርበው ተቃውሞ ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ውፍረት ነው። አየር ግድግዳው ላይ ሲደርስ አይንቀሳቀስም፤ ከፍተኛው እንቅስቃሴ ያለው ከግድግዳው የሞገዱን አንድ አራተኛ ርዝመት ያህል ርቆ ነው። የ1,000 ሄርዝ ሞገድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ አንድ አራተኛው 8.6 ሳንቲሜትር። ለ500 ሄርዝ 17 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ለ125 ሄርዝ 69 ሳንቲሜትር። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ምንጣፍ ከፍተኛውን ድምፅ ብቻ የሚመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ድሃ ሊጠቀምበት የሚችል አንድ ብልሃት ግን አለ፦ አምስት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለውን ንጣፍ ከጣሪያው አሥር ሳንቲሜትር አውርዶ ማንጠልጠል። ባዶው አየር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሥራው ግን የውፍረት ነው። ቤታችሁ ጋቢ ካለ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ አጣብቃችሁ አንድ ጊዜ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቃችሁ ሌላ ጊዜ ስቀሉትና አጨብጭቡ።

አሁን ወደ ቃጫ ልምጣ። አማርኛችን የእንሰቱንም የሲሳሉንም ፋይበር ቃጫ ይለዋል፤ እኔ የምናገረው በተለይ ስለ እንሰቱ ነው። እንሰት በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሃዲያ፣ በከምባታ፣ በጌዴኦና በሌሎችም አካባቢዎች የሚሊዮኖች ምግብ ነው። ሴቶች ቆጮና ቡላ ለማዘጋጀት የግንዱን ሽፋን ሲፍቁ ቃጫው ተራፊ ሆኖ ይወጣል። ገመድ፣ ጆንያና ምንጣፍ ይሆናል። የቅርብ ዘመዱ አባካ፣ ዓለም «የማኒላ ሄምፕ» የሚለው፣ የመርከብ ገመድ የተሠራበት ነው። ጥንካሬው አያጠያይቅም። ለድምፅ ግን አንድ ጉድለት አለበት፦ ወፍራም ነው። አንዱ ቃጫ ከፀጉር ይወፍራል፤ የጥጥ ፋይበር ግን ከ12 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። የአየር ፍሰት ተቃውሞ ፋይበሩ በቀጠነ ቁጥር በካሬ ስለሚጨምር፣ እኩል ክብደት ያለው የቃጫ ክምር ከጥጥ ወይም ከብርጭቆ ሱፍ ክምር ይልቅ በጣም የላላ ነው።

እዚህ ላይ ግን የጉለሌ ከፍታ ይረዳናል። ይህን ነጥብ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ቀልድ ይመስላቸዋል። እኛ ያለንበት ቦታ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ የአየሩ ግፊትና እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የድምፅ ፍጥነት በግፊት አይለወጥም፤ በሙቀት እንጂ። የአየር ዝልግልግነትም በግፊት አይለወጥም። ስለዚህ የፋይበሩ ተቃውሞ እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ አየሩ ራሱ የሚያቀርበው ተቃውሞ ግን፣ የእፍጋትና የፍጥነት ብዜት ነውና፣ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ወሳኙ የሁለቱ ንጽጽር ነው ብለናል። እንግዲህ አንድ የቃጫ ንጣፍ እንጦጦ ግርጌ ሲሰቀል ወደብ ከተማ ላይ ከተሰቀለው ይልቅ በአንድ ሦስተኛ ያህል የታመቀ ሆኖ ድምፅን ይቀበላል። ወፍራሙ ፋይበራችን በስስ አየራችን ይካሳል። በአንጻሩ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ የተዘጋጀ የታመቀ የፋብሪካ ሰሌዳ እዚህ ሲመጣ ከልክ በላይ ሊታመቅ ይችላል። ከውጭ የምናስመጣው ዕቃ ላይ የታተመው ሠንጠረዥ ስለ እኛ አየር አይናገርምና እዚሁ መለካት አለብን የምለው ለዚህ ነው።

የቀረውን የቃጫ ላላነት ደግሞ ጎረቤቶቻችን ሊሞሉልን ይችላሉ። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ሽሮ ሜዳ አለ። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ነጠላና ጋቢ የሚሠሩበት ሰፈር ነው። ከመሸመኛው ሥር የሚጠረገው የድርና የማግ ቁርጥራጭ ጥሩ ቀጭን ጥጥ ነው። ቃጫው አጥንት፣ የጥጡ ብናኝ ሥጋ ቢሆን ቅርጹን የሚጠብቅና የሚመጥ ንጣፍ ይገኛል የሚል ግምት አለኝ። ግምት ነው እላለሁ፤ ምጣኔው የሚታወቀው በቱቦና በማስተጋቢያ ክፍል ሲለካ ብቻ ነው።

«ፋይበር አለበት» ማለት ብቻውን ምንም ማለት እንዳልሆነም ላስታውስ። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ክፍልፋይ ሆኖ የገባውን አግሮስቶን ታውቁታላችሁ። የእርሻ ተረፈ ምርት ተፈጭቶ ገብቶበታል። ነገር ግን በማዕድን ማጣበቂያ ስለ ደደረና ፊቱ ስለ ተዘጋ ድምፅ እንደ ድንጋይ ይነጥርበታል። በተቃራኒው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በሉዊዚያና፣ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የተሠራ ሴሎቴክስ የሚባል ሰሌዳ ነበር፤ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ተበስቶለት የቢሮዎችና የትምህርት ቤቶች ጣሪያ ሆኖ ነበር። የሸንኮራው ገለባ እኛ ዘንድም ወንጂ ከተከፈተበት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አብዛኛው የፋብሪካውን ማሞቂያ ያነድዳል። ያም ቢሆን ጥቅም ነው፤ አልነቅፈውም። ልዩነቱ ግን የቁሱ ሳይሆን የቀዳዳው መሆኑን ያሳየናል።

ከዚህ ጋር አንድ የአዲስ አበባ ትዝታ ላንሣ። ዕድሜዬን የሚጋሩ ሰዎች የድሮውን የጭቃ ቤት ኮርኒስ ያስታውሳሉ፦ ከቆርቆሮው በታች የተወጠረ አቡጀዲ። ከላዩ አንድ ክንድ ያህል አየር፣ ከታቹ ቀጭን ሽመና። በፊዚክስ ዓይን ይህ ከሞላ ጎደል የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነው፤ ከጠንካራ ገጽ የተራቀ አየር አሳላፊ ጨርቅ። ከዚያ ለበዓል ኖራ ይቀባል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ኖራው የሽመናውን ቀዳዳ ሲደፍነው ጨርቁ ከበሮ ይሆናል፤ መጣጭነቱ ያበቃል። ኋላ ደግሞ የላስቲክ ማዳበሪያ ተተካበት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ቤቱን ሊያስውቡ ነው። ነገም የቃጫ ንጣፍ ብንሰቅል አንድ ቀን አንድ ቀለም ቀቢ ባልዲውን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ፊቱን ሊሸፍነው የሚገባው አየር የሚያሳልፍ ስስ ሸማ ነው፤ ቀለም በምንም ዓይነት።

አሁን ደግሞ ፋይበር የማይሠራውን ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በየሰፈሩ ባሉ የሙዚቃ መቅረጫ ክፍሎች ግድግዳው ላይ የእንቁላል ትሪ ተለጥፎ አያለሁ። ጎረቤት እንዳይሰማ ነው ይሉኛል። ጎረቤት ይሰማል። ድምፅን መምጠጥና ድምፅን ማገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለማገድ ክብደትና የታሸገ በር ይፈለጋል፤ አየር የሚያልፍበት ነገር ድምፅም ያልፍበታል። ትሪው ራሱ ስስ ስለሆነ ለመምጠጥም ቢሆን ደካማ ነው። የመንገድ ጥሩምባ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የወፍጮ ቤት ጩኸት በቃጫ አይቆምም።

ዝናቡስ? መጀመሪያ ያነሣሁት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። የትምህርት ዘመናችን በመስከረም ዝናብ ተጀምሮ በሰኔ ዝናብ ያልቃል፤ መሐሉ ላይ በልግ አለ። ከእንጦጦ የወረደ ዶፍ ቆርቆሮውን ሲመታው ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ በቀር ምርጫ የለም። የሠራነው ስሌት ለዚህ የሚሰጠው ተስፋ ትንሽ ነው። የመምጠጥ ስፋትን ከ30 ወደ 45 ማሳደግ የክፍሉን ጩኸት የሚቀንሰው 2 ዴሲቤል ባልሞላ መጠን ነው፤ ጆሮ ልብ ላይለው ይችላል። ዝናቡን የሚመክተው ቆርቆሮው እንዳይነዝር ማድረግና በሥሩ ከባድ ኮርኒስ ማኖር ነው። የሣር ቤት ዝናብን የማያስተጋባው ጠብታው የሚያርፍበት ነገር ስለማይነዝር ነው። ወደ ሣር ጣሪያ እንመለስ አልልም። ከቆርቆሮው ጋር የተጣበቀ ንጣፍ ንዝረቱን በምን ያህል እንደሚያደክም ግን ለምረቃ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

እሳትና ተባይም አለ። ደረቅ ቃጫ ይነዳል። በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውህድ መንከር የታወቀ መከላከያ ነው፤ ለነፍሳትና ለሻጋታም ይረዳል። ነገር ግን የተነከረው ንጣፍ በእሳት ተፈትኖ ሳያልፍ ሃምሳ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ጣሪያ ላይ አይሰቀልም። በዚህ ድርድር አላውቅም። የዶርዜን ረጅም የቀርከሃ ቤት ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ምስጥ ከሥሩ ስለሚበላው በዓመታት ውስጥ ቁመቱ እያጠረ ይሄዳል። የሣር ቤቶቻችንን ከነፍሳት የጠበቃቸው የምድጃው ጭስ ነበር። እኛ ጭሱን አስወጥተን ፋይበሩን ብቻ ልንመልስ ነው የምንፈልገው፤ ስለዚህ የጭሱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር ማሰብ አለብን።

አንድ ባልደረባዬ ለምን ጭድ አትጠቀሙም ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የጤፍ ጭድ ቀጭን ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳችንን ለዘመናት ይዞልናል፤ ለድምፅም መልካም ይመስለኛል። ግን ጭድ የከብት ምግብ ነው። በበጋ የጭድ ዋጋ ስንት እንደሚደርስ የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል። የበሬን ራት ጣሪያ ላይ የሚሰቅል ምርምር አልወድም። ቃጫው በአንጻሩ ምግቡ ከወጣ በኋላ የሚተርፍ ነው፤ ፍላጎት ቢጨምር ገንዘቡ መጀመሪያ ሊደርሳቸው የሚገባው የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። ዋጋውን ከወዲሁ ከእነሱ ጋር ያልተነጋገረ ፕሮጀክት ወደ እኔ ባይመጣ እመርጣለሁ።

ለዚህ ዓመት ያሰብነው ሥራ ትንሽ ነው። የብረት ቱቦ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት ማይክሮፎን፤ በዓለም አቀፉ የአይ ኤስ ኦ 10534 ዘዴ ክብ ናሙናዎችን መለካት። ቃጫ ብቻውን፣ ቃጫ ከሽሮ ሜዳ ጥጥ ጋር በተለያየ መጠን፣ በሸማ የተሸፈነና ኖራ የተቀባ። ኖራ የተቀባውን ለራሴ ትዝታ ነው የጨመርኩት። የእሳት ፈተናውን ካለፉ በኋላ 25 ካሬ ሜትር ንጣፍ በዚሁ ግቢ አንድ ክፍል ውስጥ ሰቅለን፣ ሃምሳ ተማሪ አስቀምጠን «ቀዳ፣ ከዳ፣ ጠፋ፣ ተፋ» እያልን ከኋላ ወንበር ያጽፉልን እንደሆነ እናያለን። ሙከራውን ማየት የሚፈልግ በሚያዝያ ይምጣ፤ ዝናብ ከጣለም እንለካለን።

ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ። ከኋላ ያላችሁ ቀድሙ።